ውስጥ እግርህን ማን ያይልሃል?



ከዕድራችን አባላት አንዷ በቅርቡ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። ልጇ አካውንቲንግ ተምራ ደህና ሥራ ይዛለች፤ አሁን ግን ለቅቄ የራሴን ንግድ እጀምራለሁ ትላለች። እናትየው ገንዘቡ ብዙም አላሳሰባትም። ያሳሰባት፣ “ሰው ቀጥሮ ለማስተዳደር ምን ዓይነት ጠባይ ያስፈልጋል? ልጄስ አላት ወይ?” የሚለው ነው። እኔ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በነርስነት እንጂ በንግድ አይደለም። ቢሆንም ጥያቄው የብዙ ወላጅና አያት ስለሆነ የማውቀውን ላካፍላችሁ።

ስለ ነጋዴ ሲወራ ቶሎ የሚነሳው ድፍረት ነው። “ደፋርና ጭስ መውጫ አያጣም” ይባል የለ? እውነት ነው፤ ጭሱ እስኪወጣ ድረስ ግን ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ ያስለቅሳል። ራሱን የማያውቅ ደፋር አለቃም እንዲሁ ነው። እሱ መውጫ ያገኛል፤ የሚያለቅሱት አብረውት የሚሠሩት ናቸው።

ለምሳሌ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። እዚሁ ኮልፌ ቀራንዮ፣ ዘነበወርቅ ሰፈር ያደገችው ቤተልሔም ጥላሁን በ1997 ዓ.ም. ሶልሬብልስ የተባለውን የጫማ ድርጅት ጀመረች። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ከተሰየመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነው፤ በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው አለርትም ያለው እዚያው ነው። ለሕክምና ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ብዙ ሰዎች ጎጆ ቀልሰው፣ ልጅ ወልደው በዚያው ቀሩ። ከዚህ የተነሳ ለረጅም ዘመን የሰፈሩ ስም ሲጠራ ፊቱን የሚያዞር ሰው ነበር። ነዋሪ ሆኖ ስሙን ለመናገር የሚያፍርም አውቃለሁ።

ቤተልሔምም እንደ ዕድርተኛዬ ልጅ ዩኒቲ ዩኒቨርሲቲ የተማረችው አካውንቲንግ ነው። ሌላው ያፈረበትን ሰፈር እሷ እንደ ሀብት ቆጠረችው፦ ጥጥ የሚፈትሉ እናቶች፣ ሸማኔዎች፣ ያረጀ የመኪና ጎማ። በረባሶን በእግራችን ያደረግን ወይም ወላጆቻችን ሲያደርጉት ያየን ሰዎች ከጎማ ጫማ መሥራት አዲስ ነገር እንዳልሆነ እናውቃለን። የድሃ ጫማ ነበር። እሷ ሶሉን ከጎማ፣ ላዩን በእጅ ከተፈተለና ከተሸመነ ጨርቅ አሠርታ ለውጭ ገበያ አቀረበችው። በ2003 ዓ.ም. የዓለም ኢኮኖሚ ፎረም ከወጣት ዓለም አቀፍ መሪዎች አንዷ አድርጎ መረጣት። ከየት እንደመጡ ሳያፍሩ ማወቅ ድፍረትን እንዴት እንደሚወልድ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

ለእኛ ለአያቶችም ትምህርት አለው። የመጀመሪያው ሥራ የተጀመረው በአያቷ ይዞታ ላይ፣ በአምስት ሠራተኞች፣ ከቤተሰብ በተሰበሰበ ገንዘብ ነው። “በርቺ” ማለት ጥሩ ነው፤ ጓሮን መልቀቅ ደግሞ የበለጠ ያበረታል።

መጀመር አንድ ነገር ነው። አምስቱ ሠራተኛ ሃምሳ ሲሆን ሌላ ፈተና ይመጣል። እዚህ ላይ ከሙያዬ ልናገር። ብዙ ሰው የሥጋ ደዌ ጣት የሚበላ በሽታ ይመስለዋል። በሽታው የሚጎዳው ነርቭን ነው፤ ነርቭ ሲጎዳ እግር ሕመም አይሰማውም። ሰውየው ጫማው ውስጥ ጠጠር ገብቶ ቀኑን ሙሉ ይሄዳል። ስለማያመው አያነክስም፤ ስለማያነክስ ቁስሉ እየሰፋ አጥንት ይደርሳል። መድኃኒቱ ተህዋሲያኑን ይገድላል፤ የሞተውን ስሜት መመለስ ግን ይከብደዋል። ስለዚህ ሕሙማኑን እንዲህ እያልን እናስተምር ነበር፦ በየማታው እግርህን እይ። ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈው፣ ቅባት ቀባው። ውስጥ እግርህ ካልታየህ መስታወት ያዝ፤ ወይም ልጅህን “እይልኝ” በለው።

አለቅነትም ሰውን እንዲህ ያደነዝዛል። ደመወዝ ለሚከፍል ሰው ፊት ለፊት እውነቱን የሚነግረው ጥቂት ነው። ቅር ያለው ሠራተኛ ዝም ብሎ ይለቃል፤ ቅር ያለው ደንበኛ ዝም ብሎ ይቀራል። አለቃው ስላላመመው ሁሉም ደህና ይመስለዋል፤ “የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች” የሚባለው ይደርስበታል።

በሥራ ዘመኔ የማልረሳት አንዲት የዋርድ ኃላፊ ነበረች። ጠዋት ስትገባ መጀመሪያ የምታነጋግረው የጽዳት ሠራተኛዋን ነበር። “ሌሊቱ እንዴት ነበር? እኔ ያላየሁት ምን አለ?” ትላታለች። የሰማችው ደስ ባያሰኛትም አትቆጣም። አንዴ ብትቆጣ ሁለተኛ የሚነግራት እንደማይኖር ታውቃለች። ዶክተሮቹ ያላዩትን ጉድለት እሷ ቀድማ የምታውቀው በዚህ ነበር። ከበታች ሠራተኛ ፊት “እይልኝ” ለማለት ከመጮህ የበለጠ ድፍረት ይጠይቃል።

ለዕድርተኛዬም ያልኳት ይህንኑ ነው፦ “ልጅሽን ስለ ካፒታሉ ከመጠየቅሽ በፊት፣ ስትሳሳት ማን እንደሚነግራት ጠይቂያት። የአንድ ሰው ስም ከጠራች ግማሹን ጨርሳለች።”

ይህ ጠባይ የሚተከለው ቤት ውስጥ ነው። ብርጭቆ የሰበረ ልጅ ራሱ መጥቶ ከነገረን፣ ከቁጣው በፊት መናገሩን እናመስግነው፤ በመናገሩ የተገረፈ ልጅ ቁስሉን መደበቅ ይማራል። ከፍ ሲል ትንሽ ገንዘብ እንስጠውና የገዛውንም የጎደለውንም ይቁጠርልን። ከሁሉም በላይ እኛ እናሳየው። ዛሬ ማታ ራት ላይ ልጆቻችሁንና የልጅ ልጆቻችሁን “በዚህ ሳምንት እኔ ምን አጠፋሁ?” ብላችሁ ጠይቋቸው። መጀመሪያ ይስቃሉ፤ ቀጥለው ይፈራሉ። ታገሡና ጠብቋቸው። ሲነግሯችሁም አትቆጡ።