የአገር አባት፣ የልጅ ቅሬታ

ዛሬ ራቅ ወዳለ አገር፣ ወደ ሕንድ፣ ልወስዳችሁ ነው። ነገሩ ግን ከየቤታችን የራቀ አይደለም።

ማህተመ ጋንዲን የማያውቅ የለም። ሕንዶች «ባፑ» ማለትም «አባት» ይሏቸዋል። የበኩር ልጃቸውን የሃሪላልን ታሪክ ግን ብዙዎቻችን አልሰማንም።

ሃሪላል የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1888 ነው። በዚያው ዓመት አባቱ ሕግ ሊማሩ ወደ ለንደን ሄዱ። ልጁም ሲያድግ እንደ አባቱ እንግሊዝ ተምሮ ጠበቃ መሆን ተመኘ። ጋንዲ ግን በዚያን ጊዜ ሐሳባቸውን ለውጠው ነበር፤ የምዕራቡ ትምህርት ጠባይን አይቀርጽም ብለው ያምኑ ነበር። አንድ ወዳጃቸው «ከልጆችዎ አንዱን እንግሊዝ ላስተምርልዎት» ቢላቸው፣ ዕድሉን ለዘመድ ልጅ ሰጡት። እሱ ታሞ ሲመለስም ለሌላ ወጣት አሳለፉት። ለልጄ አላደላም ማለታቸው ነበር፤ ሃሪላል ግን እንደ መገፋት ቆጠረው።

ልጁ ሰነፍ እንዳይመስላችሁ! በደቡብ አፍሪካ በአባቱ ትግል ተሰልፎ ደጋግሞ ታስሯል፤ «ትንሹ ጋንዲ» እስከ መባልም ደርሷል። በ1911 ግን አባቱን ትቶ ወደ ሕንድ ተመለሰ። በ1918፣ እኛ «የኅዳር በሽታ» በምንለው ወረርሽኝ ባለቤቱ ሞተችበት። ከዚያ በኋላ መጠጥ አሸነፈው።

የጋንዲን ሕይወት የጻፉ ሰዎች አንድ ነገር ይተርካሉ። ባልና ሚስቱ በባቡር ሲጓዙ ሃሪላል ካትኒ ጣቢያ ላይ ብቅ አለ። የያዘውን አንድ ብርቱካን ለእናቱ ለካስቱርባ ሰጠ፤ ለእርሷ ብቻ! እናት በሁለቱ መካከል ስትቆም ምን እንደሚሰማት እናንተ እናቶች ታውቃላችሁ።

ጋንዲ በጃንዋሪ 1948 ተገደሉ። አምስት ወር ሳይሞላ ሃሪላልም ቦምቤይ ውስጥ አረፈ።

እንግዲህ ማን ጥፋተኛ ነው እንበል? አባትየው ያመኑበትን መኖራቸው የሚያስነቅፍ አይደለም። ነገር ግን መርሑን የመረጡት አባት ሲሆኑ ዋጋውን የከፈለው ልጅ ነው። ጋንዲ ራሳቸውም ልጆቻቸውን ለማስተማር በቂ ጊዜ እንዳልሰጡ ጽፈዋል።

ይህን የምጽፈው በሌላው ቤት ለመፍረድ አይደለም። አንድ ቀን ልጃችን አባቱን «አባዬ፣ አንተን ለማግኘት እኔም ቢሮ ቀጠሮ ልያዝ?» አለው። ስቀን አለፍነው፤ ሌሊቱን ግን ሁለታችንም እንቅልፍ አጣን። ለብዙዎች አባት እየሆንን ለአንዱ ባዕድ ሆነንበት ይሆን? ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ፣ ልጆችን ስለ መታዘዝ ካስተማረ በኋላ ወዲያው ወደ አባቶች የዞረው ያለ ምክንያት አይደለም።

አባቶች ሆይ፣ ዛሬ ማታ ልጃችሁን «ምን መሆን ትመኛለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ሳታቋርጡ ስሙት። ፈቃዳችሁ ባይሆን እንኳ ምክንያታችሁን ንገሩት። ልጅ እምቢታን ይችላል፤ ሳይሰሙት መቅረታቸውን ግን አይረሳም።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።