ከቢላዋው በፊት

በወሎ ገጠር፣ በተለይም ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ባሉት መንደሮች፣ ዶሮ የማያረባ ቤተ ሰብ የለም ማለት ይቻላል። ሙስሊሙ ገበሬ እንግዳ ሲመጣበት ወይም የኢድ በዓል ሲደርስ አንዱን አውራ ዶሮ ይይዝና የአላህን ስም ጠርቶ ያርደዋል፤ ሥጋውም ሐላል ሆነ ይባላል። ይህ ጸሐፊ ግን አንድ ጥያቄ አለው። ሐላልነት የሚጀምረው ቢላዋው ጉሮሮ ላይ ባረፈበት ሰዓት ነውን?

ስለ አስተራረዱ ክርክር የለም። ዶሮዋ በሕይወት ያለች መሆን አለባት፤ ጉሮሮዋና የአንገቷ የደም ሥሮች በስለታም ቢላዋ ተቆርጠው ደሟ እንዲፈስ ይደረጋል። እንስሳዋ እንዳትሠቃይ ቢላዋው አስቀድሞ መሳል አለበት፤ እርሷ እያየችም መሳል የለበትም። ይህችው ዶሮ ከማለዳ ጀምሮ ሁለት እግሯ ታስሮ፣ ቁልቁል ተዘቅዝቃ ወይም ከአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ተንጠልጥላ ወደ ገበያ የመጣች ብትሆንስ? ለቢላዋው የተደረገው ጥንቃቄ ለጉዞው ስለ ምን ተነፈገ?

አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበል። በአገራችን ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንዱ የሌላውን እርድ ስለማይበሉ በገጠር ገበያ ዶሮ የምትሸጠው ከነሕይወቷ ነው። የሚያርደው ገዢው ነው። እንግዲህ አርቢው ቢላዋውን አይጨብጥም፤ ለሐላል ሥጋ የሚያበረክተው ድርሻ ሁሉ ከእርድ በፊት ያለው ነው።

ከዚህም ዋናው መኖ ነው። «የአበሻ ዶሮ የመስክ ዶሮ ናት» ሲባል እንሰማለን። ልቅ መሆንና በመስክ ማደግ ግን አንድ አይደሉም። በየጓሮው የምትዞር ዶሮ ሣርና ትል ብቻ ሳይሆን ከቆሻሻ ክምርና ከመጸዳጃ ጀርባ ያገኘችውንም ትለቅማለች። የእስልምና ሊቃውንት ርኩስ ነገር መብላት ያዘወተረን እንስሳ «ጀላላ» ይሉታል፤ ከመታረዱም በፊት ተለይቶ ንጹሕ መኖ እየበላ መቆየት አለበት ይላሉ። ለዶሮ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው 3 ቀን ነው።

ለትንሽ ማሳ ባለቤት የሚበጀው፣ በእኔ አስተያየት፣ ወለል የሌለው ቀላል የዶሮ ቤት ከቀርከሃና ከሽቦ ሠርቶ በየማለዳው ወደ አዲስ ሣር ማዛወር ነው። ሁለት ሰው ካነሣው ይበቃል። ዶሮዎቹ ለምለም ሣር፣ ፌንጣና ትል ያገኛሉ፤ ኩሳቸውም በአንድ ስፍራ ተከማችቶ በሽታ ከመሆን ይልቅ ለመሬቱ ማዳበሪያ ይሆናል፤ ጭልፊትና ሸለምጥማጥም እንደ ልባቸው አይደርሱባቸውም። ይሁን እንጂ ራሳችንን አናታልል። ዶሮ እንደ በግ በሣር ብቻ አትኖርም። በቆሎ ወይም ማሽላ፣ ሲገኝም የኑግ ፋጉሎ ያስፈልጋታል፤ ይህም ገንዘብ ይጠይቃል። በፋብሪካ መኖ የሚያድገው የሥጋ ዶሮ በ6 ሳምንት ገደማ ለእርድ ሲደርስ የአገራችን ዶሮ ግማሽ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ትፈጃለች። ርካሽ ሥጋ የሚሻ ሰው ወደዚያኛው ቢሄድ አይፈረድበትም።

ከሁሉ የከፋው ጠላት ፈንግል ነው። ሳይታረድ የሞተ እንስሳ መብላት ክልክል ስለ ሆነ፣ ፈንግል በመንደር በገባ ጊዜ ብዙዎች አንገቷን የደፋችውን ዶሮ ሳትሞት ለመቅደም ቢላዋ ይዘው ይሮጣሉ። እንዲህ ያለው እርድ ሥርዓቱን ያሟላ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ቁርኣን ምግብ የተፈቀደ ብቻ ሳይሆን መልካምም እንዲሆን ያዛል፤ የታመመች ዶሮ ሥጋ መልካም ነው የሚለኝ ሰው ቢኖር አልስማማም። ለፈንግል በዓይን ጠብታ የሚሰጥ ክትባት አለ፤ ቢሾፍቱ ውስጥ ይመረታል። መንደርተኛው ተባብሮ በአንድ ቀን ቢያስከትብ ያ ሩጫ ባላስፈለገም ነበር።

ገበያውም ቢሆን ተስፋ የሚያስቆርጥ አይደለም። ክርስቲያኑ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሥጋ ስለማይበላ የዶሮ ዋጋ ይወርዳል። ሙስሊሙ ግን ረመዳንን ቢጾምም ፀሐይ ስትጠልቅ ያፈጥራል። በ2017 ዓ.ም. ሁለቱ ጾሞች በአንድ ሳምንት ውስጥ ተጀምረው ነበር። እንዲህ ባለው ወቅት በንጹሕ መስክ ያሳደገቻትን ዶሮ እግሯን ሳታስር፣ በቅርጫት አድርጋ፣ ውሃ አጠጥታ ባቲ የምታደርስ ባለ ዶሮ ለገዢው ስለ አስተዳደጓ የምትነግረው አላት። ገዢውም ከዋጋው በፊት ይህን መጠየቅ ይገባዋል።