ሚዛኑ ለሠርቶ አደር ብቻ ነው እንዴ?

እስቲ ነገሩን ከመንገዱ እንጀምረው።

የታንክስጊቪንግ ዋዜማ ነው እንበል። ከሎስ አንጀለስ ወደ ምሥራቅ በሚወጣው አይ-10 ላይ፣ የነፋስ ተርባይኖቹ በተገተሩበት በሳን ጎርጎኒዮ መተላለፊያ፣ አንድ ሐበሻ የከባድ መኪና ሾፌር በ55 ማይል ያዘግማል። ሕጉ ነዋ! በግራው በኩል አንድ ፒክአፕ ቤት የሚያህል ተሳቢ እየጎተተ ሽው ብሎ ያልፈዋል። በካሊፎርኒያ ተሳቢ ለሚጎትት ሁሉ የፍጥነቱ ጣሪያ ያው 55 ማይል ነው። ግን ማን ይጠይቀዋል? የኛ ሰው ሚዛን ጣቢያ ክፍት ሆኖ ሲያገኝ ፍሬቻ አብርቶ ይገባል፣ ይመዘናል፣ ወረቀት ካሉትም ወረቀቱን ያሳያል። ፒክአፑ ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

ያ ቤት የሚያህል ተሳቢ «ቶይ ሆለር» ይባላል፤ መጫወቻ ጫኝ እንደማለት። ፊቱ መኖሪያ ነው፦ አልጋ፣ ምድጃ፣ ሻወር። ኋላው ጋራዥ ነው፤ የጀርባው ግድግዳ ወደ ታች ሲከፈት መወጣጫ ይሆንና በአሸዋ ላይ የሚጋለቡት ሞተሮችና ባለአራት ጎማ ተሽከርካሪዎች ይገቡበታል። ብዙዎቹ የሚያመሩት ወደ ግላሚስ ነው። ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ተዘርግቶ የሚገኘው የኢምፔሪያል አሸዋ ክምር በዚህ በዓል ሰሞን ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ይሰፍርበታል።

ከወዲሁ እንነጋገር፤ እኛ ከመዝናናቱ ጋር ጠብ የለንም። ሰው ዓመቱን ሙሉ ሲለፋ ከርሞ ቅዳሜና እሁድ አሸዋ ላይ ቢጋልብ ደስ ይለናል። ጠባችን ከሚዛኑ ጋር ነው።

ትልልቆቹ ቶይ ሆለሮች ተሞልተው ከ16,000 እስከ 20,000 ፓውንድ ይደርሳሉ፤ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ቶን መሆኑ ነው። ጎታቹ ፒክአፕ ሲደመር ከ26,000 ፓውንድ ይዘላል። ይቺን ቁጥር ያዙልን። አንድ ወንድማችን ይህንኑ ፒክአፕና ይህን የሚያክል ተሳቢ ይዞ የሰው መኪና በክፍያ ከስቴት ስቴት ቢያመላልስ ሕጉ ሲዲኤል አምጣ ይለዋል። የሐኪም ካርድ አምጣ ይለዋል። የዕፅ ምርመራ አለበት። ከአሥር ሰዓት ዕረፍት በኋላ ቢበዛ 11 ሰዓት ነድቶ ማቆም አለበት። እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ደግሞ ሲዲኤሉን ለመውሰድ መጀመሪያ በተመዘገበ ማሠልጠኛ መሠልጠን ግድ ሆኗል።

ያው ሰው፣ ያው ፒክአፕ፣ ያው ክብደት፣ የራሱን መጫወቻ ጭኖ ወደ በረሃ ቢወጣስ? በብዙ ስቴቶች ቪትዝ በምታህል መኪና የተፈተነበት መንጃ ፈቃድ ይበቃዋል! ካሊፎርኒያ ትሻላለች። ከ10,000 ፓውንድ በላይ ለሆነ ተራ ተሳቢ፣ ፒክአፑ ጀርባ ላይ ለሚቀመጠው ፊፍዝ ዊል ደግሞ ከ15,000 ሲያልፍ የተለየ መንጃ ፈቃድ ትጠይቃለች። እሰየው። ግን መንገዱ ካሊፎርኒያ ላይ አያልቅም።

ልዩነቱ የት ነው? «ለንግድ» የምትል አንዲት ቃል ላይ። ሕጉ የሚጠይቀው ምን ያህል ትከብዳለህ ብሎ ብቻ አይደለም፤ ለእንጀራህ ነው ወይስ ለጨዋታህ ብሎም ነው። ለእንጀራዬ ያለው ይፈተሻል፣ ለጨዋታዬ ያለው ያልፋል። አስፋልቱ ግን ይህን ልዩነት አያውቅም። ፍሬንም አያውቅም።

ይህ ነገር እ.ኤ.አ. ከ2025 አጋማሽ ጀምሮ ይበልጥ ይመርራል። በዚያ ዓመት በወጣው ፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ መሠረት የመንገድ ተቆጣጣሪ ፊት እንግሊዝኛው ያልበቃ የከባድ መኪና ሾፌር እዚያው ከመንዳት ይታገዳል። ሾፌር የመንገድ ምልክት ማንበብ አለበት መባሉን አንቃወምም። ግን እስቲ ያንን ባለፒክአፕ አስቁማችሁ በራሱ ቋንቋ አንዲት ጥያቄ ጠይቁልን፦ «ጌታዬ፣ ከተሳቢዎ ክብደት ስንቱ መንጠቆው ላይ አርፏል?» መልሱን እንጠብቃለን።

ጥያቄው ተራ አይደለም። አህያ የጫነ ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል፤ ጭነት ወደ ኋላ ካመዘነ አህያዋ ትንገዳገዳለች። ተራ ተሳቢ ከጠቅላላ ክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው መንጠቆው ላይ ማረፍ አለበት። ከዚያ ካነሰ ጅራቱ መወዝወዝ ይጀምራል። ቶይ ሆለር ደግሞ ጋራዡ ያለው ኋላ ነው! አንዷ ባለአራት መቀመጫ የአሸዋ መኪና ብቻ ከ600 ኪሎ በላይ ናት። እሷ ስትገባ የኋላው ይከብዳል፣ መንጠቆው ይቀላል። መቶ ጋሎን ውኃ ሲሞላ ሌላ 380 ኪሎ ይመጣል፤ ታንከሩ ከጎማዎቹ ፊት ወይም ኋላ እንደመሆኑ ሚዛኑ እንደገና ይለዋወጣል። በዚህ ላይ የሳን ጎርጎኒዮ ነፋስ ከጎን ሲመታ አስቡት። ተሳቢው ሲወዛወዝ የደነገጠ ሰው የመኪናውን ፍሬን ይረግጣል። የሚሻለው ግን ከነዳጅ እግርን አንስቶ የተሳቢውን ፍሬን ለብቻው በእጅ መያዝ ነው። ይህን ማን አስተማረው? ማንም!

ሻጩማ የሚያሳየው «ደረቅ ክብደት» የሚባለውን ቁጥር ነው፤ ውኃ የሌለበት፣ ነዳጅ የሌለበት፣ ዕቃ የሌለበት፣ መጫወቻውም የሌለበት። መጫወቻ ጫኝ ያለ መጫወቻው መዝኖ መሸጥ! ሙሽራን ያለ ሚዜና ያለ ዘመድ ቆጥሮ ድግስ እንደ መደገስ ነው። «ፒክአፕህ ይጎትተዋል» ይሉታል። መጎተቱን ይጎትተው ይሆናል፤ ማቆሙን ነው የጠየቅነው።

የሚመጣብን መልስ ይታወቃል። «ሰው የሚጨርሰው ከባድ መኪና ነው፣ እሱን ትታችሁ…» ይላሉ። ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር»፣ አይሱዙን «አልቃይዳ» ብሎ የሰየመ ሕዝብ ልጆች ነንና ይህ አባባል አዲስ አይሆንብንም። ሙሉ ጭነት የያዘ መኪና 80,000 ፓውንድ ነው፤ ቁጥጥሩ ይገባዋል፣ ይላላም አላልንም። ያልነው፣ ቁጥጥር ሕይወት የሚያድን ከሆነ ዘጠኝ ቶኑ ላይ ሲደርስ ለምን ይተኛል ነው።

«እሱ እኮ በዓመት አራቴ ቢወጣ ነው» የሚሉም አሉ። ችግሩ እሱ አይደል? የኛ ሾፌር በየቀኑ ይነዳል፣ እጁ ለምዷል፣ ሳይነሳ ጎማና ፍሬን ያያል። የአራት ጊዜው ሰው ተሳቢውን ከቆመበት አውጥቶ፣ ፀሐይ ሲያደርቀው የከረመ ጎማ ይዞ ይወጣል። እሁድ ሲመለስ ደግሞ ሦስት ቀን አሸዋ ላይ ሲጋልብ ሰንብቶ ነው። የሱን የመንዳት ሰዓት የሚቆጥር መሣሪያ የለም።

«ምቀኞች ናችሁ» ለሚለን ደግሞ፣ ከኛው ሰዎች መካከልም ይህንን ተሳቢ የሚገዛ አለ፤ እኛም ሲመቸን ግላሚስን ማየት እንፈልጋለን። በደህና ደርሰን በደህና መመለስ ነው የጠየቅነው።

የምንፈልገው ትንሽ ነው። አንደኛ፣ ከ10,000 ፓውንድ በላይ የሚጎትት ሁሉ፣ ለሥራም ይሁን ለሽርሽር፣ ሠልጥኖ በዚያው ተሳቢ ይፈተን። ሁለተኛ፣ ሻጭ ተሳቢውን ሲያስረክብ ተሞልቶ የሚመዝነውን ከፒክአፑ አቅም ጋር አስተያይቶ በጽሑፍ ይስጥ። ሦስተኛ፣ በበዓል ዋዜማ ሚዛን ጣቢያዎቹ ለነዚህም ይከፈቱ፤ መጀመሪያ ለቅጣት ሳይሆን ለማስተማር።

ሕጉ እስኪነቃ ደግሞ፣ ተሳቢ ያላችሁ ወዳጆቻችን፣ ሾፌሮቹ የሚቆሙበት ትራክ ስቶፕ ጎራ በሉ። እዚያ ያለው ሚዛን ለማንም ክፍት ነው፤ ዋጋው የአንድ ምሳ ቢሆን ነው። ስትገቡ ከፊታችሁ የተሰለፈው ሾፌር ሐበሻ ከሆነ ሰላም በሉልን። እሱ ሲመዘን ዓመታት አልፈውታል። ዛሬ ተራው የናንተ ነው።

ቸር ያግባችሁ!