የአያቶቻችንን ንቅሳት ማን ፋቀው?

አሮጌ ፎቶግራፍን በቤት ኮምፒውተር ማደስ የብዙ ቤተሰብ ልማድ ሆኗል። አልበሙ ከሣጥን ይወጣል፤ ኮምፒውተር የሚችለው ልጅ ፎቶግራፉን ስካን ያደርገዋል፤ ጭረቱን ይደልዛል፣ መልኩን ያፈካል፣ ቀለም ይቀባዋል። ሳይመሽም ሥራው በቴሌግራም ናይሮቢ፣ ካምፓላ፣ ሪያድና ዋሽንግተን ላሉት ዘመዶች ይደርሳል። ምስጋናው ይጎርፋል። ይህ ጽሑፍ ግን ምስጋናውን ለመጋራት አልተጻፈም።

“ታደሰ” የተባለውን ፎቶግራፍ ከአሮጌው ጎን አስቀምጦ ላየ ሰው፣ የጠፋው ጭረት ብቻ አይደለም። በአገጭና በአንገት ላይ የነበረው ንቅሳት እድፍ ተብሎ ተፍቋል። ማተቡ እንደ ጭረት ተቆጥሮ ተደልዟል። የፊት ቆዳ ከነበረበት ነጥቶ፣ የግንባሩ መሥመር ሁሉ ተስተካክሎ፣ የሰባ ዓመት ባልቴት የሠላሳ ዓመት ሙሽራ መስለው ተቀምጠዋል። እሳቸው ባላፈሩበት ሽበት የልጅ ልጃቸው አፈረላቸው።

ቀለም መቀባቱ ከዚህም ይብሳል። ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ የሚይዘው የብርሃንን መጠን ብቻ ነውና አንድ የጠቆረ ግራጫ ቀይም፣ አረንጓዴም፣ ሰማያዊም ሊሆን ይችላል። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራው ፕሮግራም ቀድሞ ከተማረባቸው እልፍ ፎቶግራፎች ተነሥቶ ይገምታል እንጂ አያውቅም። ስለዚህ ከል የለበሰችውን ሴት ሰማያዊ ቀሚስ ሊያለብሳት ይችላል፤ ሐዘኗ ለእሱ ምኑም አይደለም። የደበዘዘውን ፊት “አጥራልኝ” ሲሉትም እንዲሁ ነው። በፎቶግራፉ ላይ የሌለውን ዐይንና ሽፋሽፍት ከሌሎች ሰዎች ፊት በተማረው መሠረት ፈጥሮ ያስገባል። ውጤቱ ያምራል። ግን የማን ፊት ነው?

መልሱ የታወቀ ነው፤ “የድሮ ፎቶ አንሺዎችስ በእርሳስ ኔጋቲቩን ይነካኩ አልነበረምን?” ይሉናል። ይነካኩ ነበር። ነገር ግን ባለ ፎቶው በሕይወት ነበረ፤ መጥቶ፣ አይቶ፣ ወድዶ ከፍሎ ወስዷል። ዛሬ የምንፍቃቸው ሰዎች ግን አብዛኞቹ ሞተዋል፤ “ይህ እኔ አይደለሁም” ሊሉ አይችሉም።

ከመፋቅ ወደ ማጥፋት ያለው መንገድም አጭር ነው። የሶቭየት ኅብረት የጸጥታ ሹም የነበረው ኒኮላይ ዬዦቭ በ1940 እ.ኤ.አ. ከተገደለ በኋላ፣ ከስታሊን ጎን ከቆመበት ፎቶግራፍ ወጥቶ በቦታው ውኃ ተተካ። ያኔ ለዚህ ሥራ እጀ ብልህ ባለሙያ ያስፈልግ ነበር። ዛሬ የተፋታችውን ሚስት ከሠርግ ፎቶግራፍ ለማውጣት ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ልጆቿ አድገው “እናታችን የት ነበረች?” ሲሉ መላሹ ማን እንደሚሆን እንጃ!

ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን የፎቶግራፉ ጀርባ ነው። ጀርባውን ስካን የሚያደርግ ሰው እምብዛም አይገኝም። የስቱዲዮው ማኅተም፣ የስጦታው ቃል፣ ቀኑ ያለው እዚያ ነው። ከጀርባው “ነሐሴ 1966” ተብሎ የተጻፈበት ፎቶግራፍ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሊወርዱ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩ የተነሣ ነው፤ የፈገግታውን ትርጉም ይህ ቀን ይለውጠዋል። ኮምፒውተሩ ግን የሚመዘግበው ፋይሉ የተሠራበትን ቀን ነው። ያም ሆኖ “ስካን ተደርጓል” ተብሎ ወረቀቱ ይጣላል።

የተረፈውን ደግሞ አላላካችን ይጨርሰዋል። ቴሌግራም በፎቶነት የተላከለትን ያሳንሰዋል፣ ይጨምቀዋል፤ በፋይልነት የተላከለትን ግን እንዳለ ያደርሳል። ልዩነቱ አንድ ምርጫ መንካት ነው፣ የሚነካው ግን ጥቂት ነው። ጄፔግ የተባለው የፋይል ዓይነትም እየታረመ በተቀመጠ ቁጥር ከዝርዝሩ ጥቂት ጥቂት ይጥላል። የታረመውን በዋናው ላይ ደርቦ ማስቀመጥ ደግሞ ዋናውን መቅደድ ነው።

ቦታ የለም የሚለው ሰበብ አይሠራም። 9 በ12 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፎቶግራፍ በ600 ነጥብ በኢንች ስካን ተደርጎ፣ ሳይጨመቅ በቲፍ ቢቀመጥ 18 ሜጋባይት ያህል ነው፤ አንድ ባለ 16 ጊጋባይት ፍላሽ ከስምንት መቶ በላይ ይይዛል። የስንት ቤተሰብ አልበም ስምንት መቶ ይሞላል? የታረመው በሌላ ስም ይቀመጥ፤ ዋናው አይነካ፤ ጀርባውም ስካን ይደረግ። ያን ጊዜ ቀለም ቀቢው እንደ ልቡ ይቅባ፣ ጠብ የለንም።

ይህን ሁሉ ለአንድ አሮጌ ወረቀት ማለት የበዛ የሚመስለው ካለ፣ በ2002 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ የተከፈተውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ያስብ። ግድግዳው ላይ የተደረደረው የሟቾች ፎቶግራፍ ነው። ጉርድ ፎቶ፣ የደበዘዘ፣ የተጨማደደ። እነዚያ ፊቶች በፕሮግራም “ቢጠሩ” ኖሮ የሟቹ እናት የምታየው የማን ልጅ ይሆን ነበር?

በስደት ላለ ቤተሰብ ደግሞ ያቺ አንዲት ፎቶግራፍ ብቻ ልትሆን ትችላለች። ከጀርባዋ ስም ካልተጻፈባት፣ በጥግ የቆመው ልጅ ማን እንደሆነ የሚያውቁት ትልቋ አክስት ናቸው፤ እሳቸውም ዛሬ በስልክ ይገኛሉ። ፕሮግራሙን ከመክፈት በፊት እሳቸው ዘንድ ይደወል።