ሸክሙን የሚረከብ መንደር

በዛሬው ጽሑፌ ከባለቤቴ ጋር በእግር ስለ ተጓዝንበት መንገድ ላካፍላችሁ ወደድሁ።

ባለፈው ሐምሌ በስዊዘርላንድ የሚኖሩ ወገኖች ለጉባኤ ጋብዘውን ነበር። ጉባኤው ሲያበቃ «ፓስተር ትንሽ ይረፍ» ብለው ቪያ ስፕሉጋ ወደሚባለው የእግረኞች መንገድ ሸኙን። መንገዱ ከቱሲስ ከተማ ተነሥቶ የአልፕስን ተራራ ይሻገርና በጣልያኗ ኪያቬና ያበቃል። ርዝመቱ 65 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እኛ በአራት ቀን ጨረስነው።

እኛ አገር ሲራራ ነጋዴዎች ጨው በበቅሎ ጭነው ቆላና ደጋውን ያቋርጡ እንደ ነበረ፣ በዚህም መንገድ ለብዙ መቶ ዓመታት በጭነት ከብት ሸቀጥ ሲሻገር ኖሯል። ገና ከቱሲስ እንደ ወጣችሁ «ክፉ መንገድ» የሚል ትርጉም ያለው ቪያማላ የተባለ ጥልቅ ገደል ይገጥማችኋል። እ.ኤ.አ. በ1473 የአካባቢው ሰዎች ይህን የገደል መንገድ ሊያበጁ በጽሑፍ ተስማሙ። በ1882 በጎትሃርድ ዋሻ ባቡር መሄድ ሲጀምር ግን ሸቀጡ ወደዚያ ዞረ።

እኔን የደነቀኝ አሠራራቸው ነው። በየሸለቆው የጫኞች ማኅበር ነበረ። አንዱ ማኅበር ጭነቱን እስከ ክልሉ ዳርቻ ያደርስና ለሚቀጥለው ያስረክባል። የየክልሉን መንገድ የሚጠግነውም ያው ማኅበር ነው። በተለመደው አሠራር አንድ ጫኝ ከመነሻ እስከ መድረሻ አይሄድም ነበር።

የባለቤቴ ስልክ ግን በየመንደሩ ይጮኽ ነበር። በሦስተኛው ቀን፣ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳለው ወደ ስፕሉገን መተላለፊያ ስንወጣ ስልኩ እንደገና ጠራ። የደም ግፊት ያለበት ሰው ዓለት ተደግፎ እያለከለከ ስለ አዳራሹ ቁልፍ ያስረዳል! ትዕግሥቴ አለቀ። «ቁልፍ የሚይዝ አንድ ሽማግሌ ጠፋ?» አልሁት።

እርሱም ቀና ብሎ፣ «አንቺስ የእህቶችን ኅብረት ለማን አስረከብሽ?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። እስከ ድንበሩ ድረስ ሳንነጋገር ሄድን።

እዚያ ተቀምጠን ዘጸአት 18ን አነበብን። ሙሴ ከጥዋት እስከ ማታ ሕዝቡን ሲዳኝ ያየው ዮቶር፣ «ለብቻህ አትችለውም፤ የታመኑ ሰዎችን ሹም» ብሎ እንደ መከረው ሁላችን እናውቃለን። እኔ ግን ከዚያ ቀን በፊት ያላስተዋልሁት ነገር ነበር፤ ዮቶር የመጣው የሙሴን ሚስት ሲፓራንና ሁለት ልጆቿን ይዞ ነው። ቤተ ሰቡ በደረሰ ማግስት ሙሴ ቀኑን ሙሉ በሥራ ላይ ነበረ። ሲፓራ ምን እንደ ተሰማት ቃሉ አይነግረንም፤ የአገልጋይ ሚስቶች ግን መገመት አያቅተንም።

ባለቤቴ መጽሐፉን ዘግቶ፣ «ሌላው ሰው ያበላሸዋል ብዬ እፈራለሁ» አለኝ። የእኔም ፍርሃት ይኸው ነበር። ሁለታችንም ንስሐ ገባን።

ከተመለስን በኋላ የቤት ለቤት ጥየቃውን ሁለት ሽማግሌዎች ተረከቡ። የእህቶችን ኅብረት አንዲት ወጣት እህት ትመራዋለች። እኔ በምመራው ዓይነት አይደለም፤ ሻዩም ይዘገያል። ነገር ግን ቀርተው የነበሩ ወጣት እናቶች መምጣት ጀምረዋል። የባለቤቴ ስልክ ዛሬም ይጮኻል፤ አንዳንዴ ግን ሳያነሣው እራት እንበላለን።

ውድ ባለ ትዳሮች፣ ዛሬ ማታ ልጆች ከተኙ በኋላ እርስ በርስ ተጠያየቁ፦ ከክልላችን አልፈን የተሸከምነው የትኛውን ጭነት ነው? ለማንስ እናስረክበው? ካስረከባችሁም በኋላ ተመልሳችሁ የበቅሎዋን ልጓም አትያዙ።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ! እስከሚቀጥለው እትም በሰላም ያቆየን።