የአያቶችን ስም ስለ መመርመር

ሰው ከማን እንደ ተወለደ መመርመሩ፤ የወለዱትን ለማክበርና ልጆቹን ለማስተማር ቢሆን የተመሰገነ ነው። ስለዚህ ከስኮትላንድ ወጥተው በባሕር ማዶ የቀሩ ሰዎች ልጆች፤ አያቶቻቸውን የሚፈልጉበትን መንገድ ለአንባቢዎቻችን ልንገልጽ አሰብን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዓመት ብዙ የስኮትላንድ ሰዎች ወደ አሜሪካ፤ ወደ ካናዳ፤ ወደ አውስትራልያና ወደ ኒው ዚላንድ ተሰደዱ። እኩሌቶቹ ባለርስቶቹ መሬቱን ለበግ ማሰማሪያ ስለ ፈለጉት ከእርሻቸው የተነቀሉ ነበሩ። ከልጅ ልጆቻቸውም መካከል የአያታቸውን አጥቢያ ስም እንኳ ያልሰሙ ብዙዎች ናቸው።

በስኮትላንድ ልደት፤ ጋብቻና ሞት በመንግሥት መዝገብ በግዴታ መጻፍ የጀመረው በ1855 ነው። ከዚያ በፊት የነበረው የሚገኘው በየአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነው፤ ከነዚህም ጥንታዊው የኤሮል አጥቢያ መዝገብ በ1553 ይጀምራል። የሕዝብ ቈጠራው ለ100 ዓመት ተዘግቶ ስለሚቈይ፤ የ1921 ቈጠራ ለሕዝብ የተከፈተው በ2022 ነው። ዛሬ ይህ ሁሉ «ስኮትላንድስ ፒፕል» በሚባለው የመንግሥት የኢንተርኔት ገጽ ስለሚታይ፤ በሲድኒ የሚኖር ሰው ጥቂት ዋጋ ከፍሎ የቅድመ አያቱን የጋብቻ ጽሕፈት በቤቱ ተቀምጦ ያነባል።

የዚህ መዝገብ ታላቅ ጥቅም እናትን አለመርሳቱ ነው። በጋብቻና በሞት ጽሕፈት ላይ ከአባት ስም ጋራ የእናቲቱ ስም፤ ከመጣችበት ከአባቷ ቤት ስም ጋራ ይጻፋል። በዚያው ዘመን በእንግሊዝ አገር በተጻፈው የሞት መዝገብ ግን ያደገ ሰው ወላጆች አይጠቀሱም ነበር።

ይሁን እንጂ ፈላጊውን የሚያሳስት ነገር አለ። በልማዳቸው የበኵር ልጅ በአባቱ አባት፤ ሁለተኛው በእናቱ አባት ስም ይጠራ ስለ ነበር፤ በአንድ አጥቢያ ብዙ የአጎት ልጆች አንድ ስም ይዘው ይገኛሉ። ስሙን ብቻ አይቶ «ይህ አያቴ ነው» የሚል ሰው፤ የሌላውን አባት ወስዶ የራሱን አባት ያጠፋል፤ ስሕተቱንም ሌሎች ገልብጠው ያበዙታል። ስለዚህ ከራስ ጀምሮ አንድ አንድ ትውልድ ወደ ኋላ እየተመለሱ፤ የእናትን ስም፤ ሥራውንና አጥቢያውን ማመሳከር ይገባል።

በመዝገብ ያልተገኘ ሰው ሁሉ እንዳልነበረ አይቈጠርም። ከ1783 እስከ 1794 ለእያንዳንዱ ጽሕፈት 3 ፔኒ ቀረጥ ይከፈል ስለ ነበር፤ ልጁን ሳያስጽፍ የቀረ ድኻ ብዙ ነው።

እንግዲህ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቁት በሕይወት ያሉ ሽማግሌዎች ናቸው። የአያቲቱን የአባት ቤት ስም፤ የመንደሩን ስም የሚያውቁ እነርሱ ናቸውና። መዝገብ እስከ ነገ ይቈያል፤ ሽማግሌ ግን አይቈይም። እስከ ሰባት ቤት የምንቈጥር እኛም፤ አያቶቻችን ሳሉ ጠይቀን በጽሕፈት ብናኖረው፤ ለልጆቻችን ከብዙ ገንዘብ የሚበልጥ ውርስ ይሆናል።