ጆሮ የሌለው ስጦታ

በዓል በተቃረበ ቁጥር ማስታወቂያው ቤተሰቡን ይደለድለዋል፤ ለእናት የሳሎን ካሜራ፣ ለአባት የልብ ትርታ የሚቆጥር ሰዓት፣ ለልጅ የምታናግራት አሻንጉሊት፣ ለአዲስ ሙሽሮች ደግሞ ስሙን ሲጠሩት አቤት የሚል ድምፅ ማጉያ። ሁሉም ላይ ‹ስማርት› የሚል ቃል ተለጥፏል። ይህን ዓምድ የምትከታተሉ ከዚህ ቃል ጋር ያለኝን ጠብ ስለምታውቁት ከሥሩ አልጀምርም። የዚህ ሳምንት ቅሬታዬ ጠበብ ያለ ነው። ዕቃውን ለራሱ ገዝቶ ቤቱ የሚያስገባ ሰው ይመቸው፤ የእኔ ነገር ለሌላ ሰው፣ ያውም ገመናውን አጥብቆ ለሚጠብቅ ሰው፣ በሪባን አስሮ ከሚሰጠው ጋር ነው። በእኛ ቤት እንግዳ ሳሎን ይቀመጣል፤ ጓዳ ዘው አይልም። የዘንድሮ ስጦታ ግን ከሰጪው እጅ እንደወጣ ቀጥ ብሎ ጓዳ ይገባል፤ እዚያ ተቀምጦም ያየውንና የሰማውን ለሠሪው፣ አንዳንዴም ለሰጪው ይልካል። ስጦታ ሰጥቶ እጅን ማንሳት ከሆነ ይህ ገና አልተሰጠም።

ነገሩ አዲስ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1945 የሶቭየት የልጆች ማኅበር አባላት ሞስኮ ለነበሩት የአሜሪካ አምባሳደር ለአቬሬል ሃሪማን ከእንጨት የተቀረጸ የአሜሪካ ብሔራዊ ማኅተም አበረከቱ። ያማረ ሥራ ነበርና አምባሳደሩ መኖሪያ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። በውስጡ ግን ባትሪም ሆነ የኤሌክትሪክ ገመድ የማይፈልግ፣ ከውጭ የሬዲዮ ሞገድ ሲላክለት ብቻ የሚነቃ ማዳመጫ ነበር፤ የሠራውም በስሙ የሚጠራውን የሙዚቃ መሣሪያ የፈለሰፈው ሌቭ ቴርሜን ነው። እስከ 1952 ድረስ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ፣ የአምባሳደሮቹን ወግ ሲሰማ ኖረ። አሜሪካኖች በ1960 በጸጥታው ምክር ቤት ስብሰባ ላይ ይዘውት ወጥተው ለዓለም አሳዩት። የቴርሜን ጥበብ የሚደነቅ ቢሆንም እኔን የሚያስገርመኝ የተመረጠው መግቢያ ነው። ግድግዳ አልተበሳም፣ መስኮት አልተሰበረም፤ በሩን የከፈተው ጨዋነት ነው። ልጆች ያመጡትን ስጦታ ማን ሰንጥቆ ይፈትሻል?

ዛሬ ሰላይ መላክ አያስፈልግም፤ ዋጋውን ከፍለን እኛው እናደርሳለን። የጀርመን የቴሌኮም ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ ላይ ‹ማይ ፍሬንድ ካይላ› የተባለችውን አሻንጉሊት አገደ። ካይላ የልጆችን ጥያቄ በኢንተርኔት አማካይነት ትመልስ ነበር፤ ብሉቱዟ ግን የይለፍ ቃል ስለማይጠይቅ በአቅራቢያ ያለ ማንም ሰው ስልኩን አገናኝቶ ልጁን ማዳመጥም ማናገርም ይችል ነበር። መሥሪያ ቤቱ ሌላ ዕቃ መስሎ የተሠራ ማዳመጫ መያዝ በሕግ ክልክል ነው አለና ወላጆች አሻንጉሊቷን እንዲያስወግዷት አሳሰበ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ደግሞ የማዳመጥ አገልግሎት ያላቸውን የልጆች ሰዓቶች አገደ፤ አንዳንድ ወላጆች በልጃቸው እጅ አንጓ በኩል መምህሩ ክፍል ውስጥ ሲያስተምር ጭምር ያዳምጡ ነበርና። በአሜሪካ ቪዚዮ የተባለው የቴሌቪዥን አምራች በ11 ሚሊዮን ቴሌቪዥኖች ሰው ምን እንደሚመለከት ሳያስፈቅድ እየመዘገበ ተገኝቶ 2.2 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በ2023 ደግሞ የአገሪቱ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን፣ ሪንግ የተባለው የአማዞን የቤት ካሜራ ድርጅት ሠራተኞቹ የደንበኞችን የግል ቪዲዮ እንዲያዩ በሩን ክፍት ትቷል ብሎ ከሰሰው፤ ነገሩ በ5.8 ሚሊዮን ዶላር ተዘጋ። የካይላ ነገር የአሠራር ጉድለት ነው ሊባል ይችላል። የቪዚዮ ቴሌቪዥን ግን አልተበላሸም፤ እንደታሰበለት እየሠራ ነበር።

‹ስልክ ኪሱ ውስጥ ይዞ እየዞረ አንድ ሰዓት ወይም አንድ ካሜራ ምን ይጨምርበታል?› የሚል ተቃውሞ በየጊዜው ይመጣል። ከተቃውሞዎቹ ሁሉ ጠንካራው ይኸኛው ስለሆነ በችኮላ አላልፈውም። እውነት ነው፣ ስልክ ከብዙ አሻንጉሊት የበለጠ ያውቃል። ነገር ግን ስልኩን የያዘው ሰው ራሱ መርጦ፣ ጥቅሙንና ጉዳቱን መዝኖ፣ ቦታ ጠቋሚውን አጥፍቶ ወይም ትቶ የያዘው ነው። ስጦታውን የመረጠለት ሌላ ሰው ነው። እምቢ እንዳይል ደግሞ ይሉኝታ አለ። አክስት በበዓል ቀን በሁለት እጇ የዘረጋችውን ሣጥን ‹ይቅርብኝ› ብሎ የሚመልስ ሰው ከእኛ መሐል ስንት ይገኛል? ተቀብሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ቢቀብረውም በሚቀጥለው ጉብኝት ‹ካሜራው የት አለ? አልወደድከውም እንዴ?› ይመጣል። ስለዚህ ይሰካዋል፤ ስሙን፣ ስልክ ቁጥሩንና የትውልድ ቀኑን ሞልቶ፣ ያላነበበውን ውል ‹እስማማለሁ› ብሎ ይጫናል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጃችን፣ ቁጥር 1321/2016፣ ስለ ፈቃድ ይናገራል። በአክስት ፊት የተሰጠ ፈቃድ ምን ዓይነት ፈቃድ እንደሆነ ለሕግ ሰዎቹ ልተውላቸው።

ሌላው ተቃውሞ ያናድደኛል። ‹ይህ ፕራይቬሲ የምትሉት የፈረንጅ ነገር ነው፤ እኛ በራችንን ከፍተን ቡና የምንጠራራ ሕዝብ ነን› ይባላል። ለእንግሊዝኛው ቃል ልክክ የሚል ትርጉም ስለሌለን ነገሩም የለንም ማለት ነው? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 ‹የግል ሕይወት› ብሎ ሲጠራው ቀዝቀዝ ያለ ቃል ይመስላል፤ ሽማግሌ ሲመርቅ ግን ‹ገመናችሁን ይሸፍን› ይላል። ምርቃት የሚመረቀው ሰው ለሚመኘው ነገር ነው፤ ገመና መሸፈን ከልጅና ከሀብት ጎን የሚለመን በረከት ነው። ምርቃቱ ደግሞ የሚደብቀው ጥፋት ያለበትን ሰው ለይቶ አይመርቅም፤ ሁሉንም ነው። በር ከፍቶ ቡና የሚጠራው ቤት ራሱ ጓዳው ላይ መጋረጃ አለው። ቡና የጠጣችው ጎረቤት ጓዳ ገብታ የማሰሮውን ክዳን ብታነሳ ወሬው ሰፈር ያዳርሳል። እንዲያውም ተጠጋግቶ የሚኖር ሕዝብ ነው መጋረጃን አጥብቆ የሚፈልገው።

ከጠላት ይልቅ የሚያስቸግረው ወዳጅ ነው። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ለእናት የሚላክ ስልክ ብዙ ጊዜ ‹ተስተካክሎ› ነው የሚመጣው፤ አካውንቱን የከፈተው ልጅ ነው፣ የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው እሱ ነው። በዚህ አኳኋን የተዘጋጀ ስልክ እናት የምታነሳውን ፎቶ፣ የምትመዘግበውን የስልክ ቁጥር፣ የምትሄድበትን ቦታ ሁሉ ወደ ልጁ አካውንት ሊያሻግር ይችላል። ማንም ክፉ አላሰበም። ልጁ የእናቱን ድካም ለማቅለል ነው ያደረገው፤ ቁልፉ ግን ባሕር ማዶ ቀርቷል። ሳሎን ላይ የሚሰቀለው ካሜራም እንደዚሁ ነው። ብቻዋን የምትኖር እናት ብትወድቅ ማን ያያታል ለሚለው ስጋት ንቀት የለኝም፤ እውነተኛ ስጋት ነው። መልሱ ግን ጥያቄ ነው፤ ‹እማዬ፣ ካሜራ ላስገባልሽ ወይ?› ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ። እሺ ካለች የጋራ ውሳኔ ሆነ። የንስሐ አባቷ ሲመጡ፣ ጎረቤት ልታለቅስባት ስትመጣ፣ ካሜራው የት እንደሚዞር አብረው ይነጋገሩ። በወረቀት ጠቅልሎ ድንገት ማምጣት ግን ይህን ውይይት ሆን ብሎ መዝለል ነው።

በምራቅ የሚሠራው የዘር መመርመሪያ ከሁሉም ይከፋል፤ በውጭ አገር ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር በስጦታነት ይሸጣል። ሰባት ቤት ቆጥረን ለምንጋባ ሰዎች ነገሩ ቶሎ ይገባናል፤ አንዱ ዘመድ ቱቦው ውስጥ ሲተፋ የሚከፈተው የእሱ ዘር ብቻ አይደለም፤ ያልተጠየቁ ዘመዶቹም አብረው ይከፈታሉ። ትዌንቲ ስሪ ኤንድ ሚ የተባለው ድርጅት በ2023 ሲጠለፍ ሌቦቹ በቀጥታ የገቡት ወደ 14,000 ገደማ አካውንቶች ነበር፤ ዘመድ ከዘመድ በሚያገናኘው አገልግሎት በኩል ግን የ6.9 ሚሊዮን ሰዎችን መረጃ አገኙ። ድርጅቱ ራሱ በማርች 2025 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ፤ የሰዎቹም የዘር መረጃ በገዢ ፍለጋው ውስጥ እንደ ንብረት ተቆጠረ። በልጅነቱ በጉዲፈቻ ባሕር ማዶ ሄዶ ወላጆቹን ለሚፈልግ ሰው ግን ይህ ምርመራ የመጨረሻ ተስፋው ሊሆን ስለሚችል ቃል አልወረውርበትም። እሱም ቢሆን ወስኖ ራሱ ይግዛው።

ዕቃው ምንም ጆሮ ባይኖረው እንኳ አሰጣጡ ጆሮ ሊኖረው ይችላል። በግ ማይክሮፎን የለውም፤ ከውጭ አገር በኢንተርኔት የታዘዘው በግ ግን የተቀባዩን ስም፣ ስልክ ቁጥርና ‹ከፋርማሲው ጀርባ፣ አረንጓዴ በር› የሚል አቅጣጫ ይዞ ነው የሚመጣው። የቤት ቁጥር በማይሠራበት ከተማ ደግሞ የሞተር ሳይክሉ ልጅ ሰፈሩን እየጠየቀ ሁሉንም ያስተዋውቃል። ‹ሰርፕራይዝ› የሚሉት ደግሞ አለ፤ ኬክ፣ ሳክስፎን፣ ከፊት ለፊት የሚቀርጽ ስልክ። የተቀባዩ እንባ በማግስቱ ቲክቶክ ላይ ነው። ‹ጥሎሽስ በአደባባይ አይቆጠርም ወይ?› ትሉኝ ይሆናል። ይቆጠራል፣ ግን ሙሽራዋም ቤተሰቧም ቀኑን አውቀው፣ ተሰናድተው፣ በሚያውቋቸው ሰዎች ፊት ነው። ከዚህ ውጭ በብዙ ቤት የቆየው ልማድ ስጦታን በሰጪው ፊት አለመክፈት ነው፤ ዝም ብሎ ይቀመጥና እንግዳው ሲሄድ ይታያል። ይህን ጨዋነት ያወጣው ሰው ማን እንደሆነ ባናውቅም የተቀባዩ ፊት የተቀባዩ ንብረት መሆኑን ተረድቶ ነበር። ፎቶ የታተመበት ኩባያና ትራስም እዚሁ መሥመር ውስጥ ይገባሉ፤ ፎቶውን እንዳይለጥፍ ለዓመታት የተጠነቀቀን ሰው ፊቱን አሳትሞ መስጠት አላወቅኩህም ማለት ነው።

ታዲያ ምን ይሰጠው? ጋቢ። ሥራው መሸፈን ነውና ከዚህ የተሻለ አላውቅም። የወረቀት መጽሐፍ፤ በስክሪን የሚነበበው አንባቢው የት ገጽ ላይ እንዳቆመ ለሻጩ ይናገራል፤ ወረቀቱ ግን አልጨረስክም ብሎ አይከስም። ጀበና፣ የተቆላ ቡና፣ ጥሩ ቢላዋ፣ ቁልፍ ያለው የእንጨት ሣጥን፤ ቁልፉ ስንት ቅጂ ቢኖረው ሁሉም አብሮ ይሰጥ። የምወደው ግን ሬዲዮ ነው፤ ይናገራል እንጂ አያዳምጥም፣ የትኛውን ጣቢያ እንደከፈታችሁም ለማንም አይናገርም። አሮጌ ዕቃ ነው የሚለኝ ካለ፣ አዎ፣ አሮጌ ነው።

ይህን እየጻፍኩ ሐሳቤ ደጋግሞ የሚሄድበት ግን አንድ በጣም ትልቅ ስጦታ አለ፤ እዚሁ አዲስ አበባ። ቻይና 200 ሚሊዮን ዶላር አውጥታ የሠራችው የአፍሪካ ኅብረት ጽሕፈት ቤት በጥር 2004 ዓ.ም. ተመረቀ። የቆመው ዓለም በቃኝ በሚባለው እስር ቤት ቦታ ላይ ነው፤ እስረኛ ምንም የግሌ የሚለው ነገር ባልነበረበት መሬት ላይ። በጥር 2010 ዓ.ም. የፈረንሳዩ ለ ሞንድ ጋዜጣ በየሌሊቱ ሰው በሌለበት ሰዓት የሕንፃው መረጃ ሻንጋይ ወዳሉ ሰርቨሮች ሲገለበጥ እንደኖረ ዘገበ። ቻይና ከንቱ ክስ ነው አለች፤ ኅብረቱም ዘገባውን አስተባበለ። ማን ልክ እንደሆነ ከዚህ ዓምድ ሆኜ አልፈርድም። ከዘገባው ውስጥ ልቤ ላይ የቀረው ሌላ ነገር ነው፤ ኅብረቱ በኋላ የራሱን ሰርቨሮች እንደገዛና ቻይናውያኑ ‹እኛ እናስተካክልላችሁ› ሲሉት ‹አይ፣ ይቅርብን› እንዳለ ጋዜጣው ጽፏል። ሃምሳ አምስት አገሮች ተሰብስበው እንኳ ያን ‹ይቅርብን› ለማለት ዓመታት ፈጅቶባቸዋል። በዓል የደረሰባት ብቸኛ አክስት ፊት የተቀመጠ የወንድም ልጅ በአንድ ከሰዓት እንዲለው እንጠብቃለን።